በመዶሻ ምት የሚነበበው የአዋሽ ሸለቆ ከርሰ ምድር

ሰመራ፤ ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚዘልቀውን የአስፋልት መንገድ የያዘ መንገደኛ ወንዙ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ እያለ አብሮት ሲጓዝ ይመለከታል። ወንዙ በቀረበበት ሁሉ ዛፍ አለ፣ ከብት አለ፣ እርሻ አለ። በዱብቲና በአሳይታ አካባቢ ጥጡና በቆሎው የሚበቅለው በዚሁ በአዋሽ ውሃ መሆኑ ይታወቃል። ከወንዙ ፈቀቅ ሲባል ግን አገሩ ሌላ ነው። ጥቁር ድንጋይ የለበሰ ሜዳ፣ ነፋስ የሚያነሣው አቧራ፣ በደረቀ ወራጅ ዳር ተበታትኖ የበቀለ ግራር ብቻ ነው የሚታየው። በዚያ የሚኖረው አርብቶ አደር ውሃ የሚያገኘው በእግሩ ተጉዞ ነው። እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን በግመልና በአህያ ጭነው ሲሄዱና ሲመለሱ ቀኑ ያልቃል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ሲሆን፣ ቁፋሮ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የመቆፈሪያው ማሽን ከሩቅ ይመጣል፤ ነዳጁ፣ ቧንቧው፣ የሠራተኛው አበል ሁሉ ይታሰባል። ይህ ሁሉ ወጥቶ ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆን የወጣው ገንዘብ አይመለስም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ ውሃ ይመጣል ተብሎ ቤቱን ወደዚያ አስጠግቶ የቆየው ሕዝብ እንደገና ጭኖ መነሣቱ ነው። ስለሆነም ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ከመሬቱ በታች ምን እንዳለ በአነስተኛ ወጪ አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ይሆናል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ በመሬት ውስጥ የሚጓዘውን ሞገድ ስብረት መለካት ነው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ባለሙያዎቹ በሜዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይዘረጋሉ። በመስመሩ ላይ በየ5 ሜትሩ ጂኦፎን የሚባል፣ ከጣሳ የማይበልጥ፣ ከሥሩ ችካል ያለው መሣሪያ ይተከላል። ብዙውን ጊዜ 24 ጂኦፎኖች በአንድ ሽቦ ይያያዛሉ፤ መስመሩም 115 ሜትር ያህል ይሆናል። በመስመሩ ጫፍ የብረት ሰሌዳ መሬት ላይ ይቀመጥና አንድ ጉልበተኛ ሰው በከባድ መዶሻ ይመታዋል። ምቱ መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ንቅናቄውም በአፈሩና በድንጋዩ ውስጥ እንደ ሞገድ ይጓዛል። እያንዳንዱ ጂኦፎን ሞገዱ የደረሰበትን ቅጽበት ይመዘግባል። ባለሙያው ከዚህ ሁሉ የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መቼ ተነሣ? መቼ ደረሰ?

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ከየት እንደመጡ፣ በየት እንዳለፉ፣ ዝናብ የጣለበትን፣ ግጦሽ ያለበትን አገር ይጠያየቃሉ። ጂኦፎኑም ከመሬት ጋር የሚያደርገው ይህንኑ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የሞገዱ ፍጥነት እንደሚያልፍበት ነገር ይለያያል። በደረቅና ልል አፈር ውስጥ በሰከንድ ከ300 እስከ 700 ሜትር ያህል ይጓዛል። ውሃ በጠጣ አሸዋና ጠጠር ውስጥ ወደ 1,500 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። ጥቅጥቅ ባለው ጥቁር ድንጋይ፣ ባለሙያዎቹ ባዛልት በሚሉት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከ4,500 እስከ 6,000 ሜትር ይደርሳል። ዘዴው የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ልዩነቱ እንዴት ጥልቀትን እንደሚናገር ለመረዳት ሁለት መንገደኞችን ማሰብ ይጠቅማል። ሁለቱም ከአንድ መንደር ወደ አንድ መንደር ይሄዳሉ። መንደሮቹ ከጂቡቲው አስፋልት ራቅ ብለው በአሸዋው ውስጥ ያሉ ናቸው። አንደኛው አሸዋውን በእግሩ አቋርጦ በቀጥታ ይጓዛል። ሁለተኛው በመጀመሪያ ወደ አስፋልቱ ወርዶ የጭነት መኪና ይሳፈራል፤ ከዚያም ወርዶ እንደገና በእግሩ ወደ መንደሩ ይወጣል። የሚሄዱበት መንደር ቅርብ ከሆነ በቀጥታ የሄደው ይቀድማል፤ ሌላው አስፋልቱን ሳይደርስ እርሱ ገብቶ ቡና ይጠጣል። መንደሩ ሩቅ ከሆነ ግን መኪናው ይበልጣል። በመካከሉ ሁለቱ እኩል የሚደርሱበት ርቀት አለ። የእግረኛውንና የመኪናውን ፍጥነት ያወቀ ሰው፣ እኩል ከሚደርሱበት ርቀት ተነሥቶ አስፋልቱ ከመንደሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ማስላት ይችላል።

በመሬት ውስጥም እንዲሁ ነው። ከምቱ አጠገብ ላሉት ጂኦፎኖች ቀድሞ የሚደርሰው በላይኛው ልል አፈር በኩል በቀጥታ የመጣው ሞገድ ነው። ወደ ታች የወረደው ሞገድ ፈጣኑን ንብርብር ሲያገኝ ይሰበራል፤ በንብርብሩ ጫፍ ላይ ጋልቦ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ራቅ ወዳሉት ጂኦፎኖች ቀድሞ የሚደርሰው ይኸኛው ነው። ለምሳሌ ያህል ላይኛው አፈር ሞገዱን በሰከንድ 500 ሜትር፣ ታችኛው ንብርብር ደግሞ 1,500 ሜትር የሚያስኬዱ ይሁኑ። በቅርቡ ካሉት ጂኦፎኖች በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ሞገዱ ከአንድ ሺህ የሰከንድ ክፋዮች 10 ያህሉን ይወስዳል። ከ40 ሜትር በኋላ ግን በየ5 ሜትሩ የሚወስደው ከ3 ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ሆኖ ቢገኝ፣ ሁለቱ ሞገዶች እኩል የደረሱት በ40 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ ፈጣኑ ንብርብር በ14 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይገኛል። ይህ 1,500 የሚለው ቁጥር ደግሞ ውሃ የጠጣ አሸዋ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል።

ሊሆን ይችላል እንጂ ነው ማለት አይደለም። ጠጠር ያለ ደረቅ ሸክላ አፈርም ሞገዱን በዚሁ ፍጥነት ሊያስኬደው ይችላልና። ባለሙያዎቹ ከዚህ ጎን ለጎን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ልከው መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለኩት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ቃል ሲናገሩ ለቁፋሮው ሰው ልብ ይሞላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ንብርብሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ከሆነ ከአንድ ጫፍ ብቻ የተመታው ምት ያሳስታል፤ ስለዚህ መዶሻው ከሁለቱም ጫፍ፣ ብዙ ጊዜም ከመካከል ይመታል። የአፋር መሬት ደግሞ በስንጥቅ እየተከፈለ እንደ ደረጃ የወረደ በመሆኑ ይህ በዋዛ የሚታይ አይደለም። በአንድ ቦታ በ14 ሜትር የተገኘው ንብርብር ጥቂት እርምጃ አልፎ እጅግ ጠልቆ ሊገኝ ይችላል።

ጥቁሩ ድንጋይ ሲደብቅ

ዘዴው በአፋር ምድር ላይ የሚገጥመው ዋነኛ እንቅፋት ከላይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ራሱ ነው። የሞገድ ስብረት የሚሠራው ወደ ታች በተወረደ መጠን ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ነው። ከላይ ልል፣ ከታች ጠንካራ ከሆነ ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ ይሆናል። በአፋር ግን በብዙ ቦታ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። በጥንት ዘመን ሐይቅ ደለሉን አስቀምጧል፤ በላዩ እሳተ ገሞራ ፈስሶ ባዛልቱን አልብሶታል፤ እንደገና ደለል፣ እንደገና ባዛልት። ሞገዱ ከፈጣኑ ባዛልት ወደ ዝግተኛው ደለል ሲገባ ወደ ታች ይሰበራል እንጂ ተመልሶ ወደ ላይ አይወጣም። በመሆኑም ከባዛልቱ በታች ያለው ደለል በመዝገቡ ላይ ጨርሶ ሳይታይ ይቀራል።

ይህ ተራ የሙያ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በእሳተ ገሞራ አገር ውሃው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለት የቀለጠ ድንጋይ ፍሳሾች መካከል በተኛው ጠጠርና ደለል ውስጥ፣ ወይም በተሰነጣጠቀው የባዛልት ክፍል ውስጥ ነው። መሣሪያው ጠንካራ ድንጋይ ብቻ አሳይቶ ውሃውን ሊደብቅ ይችላል ማለት ነው። መዝገቡን አይቶ በዚህ ቦታ ውሃ የለም ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ባለሙያ በአፋር አይበጅም።

የጥልቀቱም ነገር አለ። እንደ ልምድ የሚታወቀው መስመሩ ሊታይ ከሚፈለገው ጥልቀት አራት ወይም አምስት እጥፍ መርዘም እንዳለበት ነው። የ115 ሜትር መስመር ከ25 ወይም ከ30 ሜትር በታች ብዙም አያይም። መቶ ሜትር ለማየት 400 ወይም 500 ሜትር ሽቦ መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የመዶሻው ምት አቅም ስለሚያንሰው የሚወድቅ ከባድ ብረት ወይም ፈንጂ ይፈለጋል። ፈንጂ ደግሞ ፈቃድና ጠባቂ፣ ከሁሉም በላይ የአካባቢውን ሰው አስቀድሞ ማስታወቅን ይጠይቃል።

በጥልቀት ላልሆኑ ሥራዎች ግን መዶሻው በሚገባ ይበቃል። የአነስተኛ ግድብ መሠረት ጠንካራ ድንጋይ ላይ ማረፉን ለማወቅ፣ የኩሬና የብርካ ቦታ በዶዘር የሚቆፈር መሆን አለመሆኑን ለመለየት፣ በደረቅ ወራጅ ውስጥ አሸዋው ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው ለመለካት ይውላል። ሞገዱ በሰከንድ ከ2,000 ሜትር በታች የሚጓዝበት መሬት በአብዛኛው ዶዘር ያለ ፈንጂ የሚገለብጠው መሆኑን መሐንዲሶች በልምድ ያውቁታል። በወራጅ አሸዋ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ለመንጋ ምን ማለት እንደሆነ ለአርብቶ አደሩ መንገር አያስፈልግም፤ በእጁ ጭሮ ሲያወጣ የኖረ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ ሞገዱ ፈጽሞ አይናገርም፤ የውሃውን ጣዕም። ጨዋማውም ሆነ ጣፋጩ ውሃ ሞገዱን የሚያስኬደው በተቀራረበ ፍጥነት ነው። በስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ጨውና ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑ የታወቀ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው የፍሎራይድ መጠን በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። ከዚህ ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ እየቆየም አጥንትን ይጎዳል። ስለዚህ ጉድጓዱ ውሃ አወጣ ተብሎ እልል ከመባሉ በፊት ውሃው በላቦራቶሪ መታየት ይኖርበታል።

ከ14 ሜትር እስከ 40 ኪሎ ሜትር

ይኸው ዘዴ መስመሩ ሲረዝምና ምቱ ሲበረታ የመሬትን ቅርፊት ከላይ እስከ ታች ያሳያል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አየርላንዳዊው ሮበርት ማሌት ከመቶ ሰባ ዓመታት በፊት ባሩድ በአሸዋ ውስጥ አፈንድቶ የንቅናቄውን ፍጥነት ለመለካት ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1909 ደግሞ በዛግሬብ ይሠራ የነበረው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች የአንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች የደረሱበትን ጊዜ አነጻጽሮ፣ ሩቅ ወዳሉት ጣቢያዎች ቀድሞ የደረሰው ሞገድ በፈጣን ጥልቅ ንብርብር በኩል የሄደው መሆኑን አወቀ። በቅርፊቱና ከሥሩ ባለው ክፍል መካከል ያለው ወሰን ዛሬም በስሙ ይጠራል። የተጠቀመበት ስሌት የሁለቱ መንገደኞች ስሌት ነው፤ የተለየው ርቀቱ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ክትትል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ሥር በተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት የመሩት ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1979 አውጥተዋል። ከሰመራ ብዙም ሳትርቅ በጂቡቲ መንገድ ላይ የነበረችው የሰርዶ ከተማ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈራርስ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1972 በሐንስ ቤርክሄመር የሚመሩ የጀርመን ተመራማሪዎች በአፋርና በደጋው ላይ ረዣዥም መስመሮች ዘርግተው በፈንጂ ኃይል የሞገድ ስብረት ለኩ። ያገኙት ውጤት ለአፋር ጥናት መሠረት ሆኗል። ከደጋው ሥር 38 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቅርፊት በአፋር ወደ 26 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ሰሜን ሲኬድም ከዚያ በጣም ወደሚያንስ ውፍረት እንደሚሳሳ ታወቀ። ከቅርፊቱ ሥር ሞገዱ በሌላ አገር በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአፋር ግን 7.5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ መሄዱም ተለካ። ዝግታው ከሥር ያለው ድንጋይ የጋለ መሆኑን ያመለክታል።

ከ30 ዓመታት በኋላ፣ በጥር 1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካና ከሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ጋር በመሆን ኢግል በተባለው ፕሮጀክት ሰፊ ልኬት አካሄዱ። ወደ 1,000 የሚጠጉ መመዝገቢያ መሣሪያዎች ተተከሉ። አንደኛው መስመር በስምጥ ሸለቆው ርዝመት ወደ አፋር፣ ሁለተኛው ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ተነሥቶ ሸለቆውን በአዳማ አካባቢ አቋርጦ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ደጋ የተዘረጉ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ፈንጂው በአብዛኛው በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረና ብዙ ጊዜም አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ነበር። ንቅናቄው ከመስመሩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚወስደው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። አንድ ገበሬ በማሳው ዳር የተቀበረችውን ትንሽ ሣጥን አይቶ ምን ታደርጋለች ቢል፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት በሌላ አውራጃ የተተኮሰውን ታዳምጣለች የሚለውን መልስ ለማመን ይቸገር ነበር።

በዚያ ልኬት በሸለቆው ርዝመት ወደ አፋር ሲኬድ ቅርፊቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ወደ 26 ኪሎ ሜትር ያህል እየሳሳ እንደሚሄድ ተረጋገጠ። እንደ ቦሰትና ፈንታሌ ባሉት እሳተ ገሞራዎች ሥር ደግሞ ሞገዱ ከአካባቢው ይልቅ ፈጥኖ አለፈ። ምክንያቱም ከታች የመጣው የቀለጠ ድንጋይ በዚያ ተሰክቶ ቀዝቅዞ መጠጠሩ ነው። ሸለቆው የሚሰፋው በመሰንጠቅ ብቻ ሳይሆን ከሥር በሚሰካው የቀለጠ ድንጋይም ጭምር ነው ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ነገር ብቻ አለመሆኑ ሁለት ጊዜ ታይቷል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከሰመራ ወደ ሰሜን በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት በታች ተሰክቶ፣ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ፤ ዳዑሬ በተባለው ቦታም አመድ ወጣ። እንደገና በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በፈንታሌና በዶፈን መካከል መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረና ለወራት ቀጠለ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመዘገበው 6.0 የደረሰ ነበር። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች መሬት ተሰነጠቀ፣ ቤቶች ፈረሱ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው በመጠለያ ሰፈሩ። የከሰም ግድብና የከሰም ስኳር ፋብሪካም ከዚሁ አካባቢ የማይርቁ በመሆናቸው ሥጋቱ የነዋሪው ብቻ አልነበረም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሕዝቡ የሚጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ ወደ ላይ እየወጣ ነው ወይስ ወደ ጎን? ይህን ለመመለስ እያንዳንዱ ንቅናቄ በስንት ኪሎ ሜትር ጥልቀት እንደተነሣ መታወቅ አለበት፤ ጥልቀቱ ደግሞ ሞገዱ በየንብርብሩ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ሳይታወቅ አይሰላም። በ1995 ዓ.ም. በፈንጂ የተለካው ፍጥነት በ2017 ዓ.ም. ለተፈናቀለው ሰው የሚጠቅመው በዚህ በኩል ነው። ከሰማይ ሳተላይት የመሬቱን ማበጥና መክፈት ያሳያል፤ በመሬት ውስጥ ያለውን መንገድ ግን የሚናገረው ሞገዱ ነው።

ሙቀቱ ግን ጉዳት ብቻ አይደለም። በዱብቲ አጠገብ በተንዳሆ፣ የጥጥ እርሻው ባለበት ሜዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1998 ስድስት የእንፋሎት ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ጥልቁ 2,200 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከ250 ዲግሪ በላይ ሙቀትም ተገኝቷል። መሰርሰሪያው እየወረደ ያገኘው የሐይቅ ደለልና ባዛልት መፈራረቁን ነው። ከላይ ሆኖ በሞገድ የተገመተው በጉድጓድ ሲረጋገጥ፣ ወይም ሲሻር፣ ቀጣዩ ግምት ይስተካከላል። በሰመራ ዙሪያ ለመጠጥ ውሃ የሚቆፈር እያንዳንዱ ጉድጓድም በየስንት ሜትሩ ምን ዓይነት አፈርና ድንጋይ እንደተገኘበት ተጽፎ ቢቀመጥ ያው ጥቅም ይሰጣል። ደረቅ ሆኖ የተተወው ጉድጓድ እንኳ በዚህ መልክ ሥራ ይሠራል፤ መዝገቡ ከጠፋ ግን ሁለት ጊዜ ኪሣራ ነው።

የልኬት ቡድን ወደ አንድ ቀበሌ ሲመጣ ከነዋሪው የሚፈለገው ትብብር ቀላል ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። ጂኦፎኑ የመዶሻውን ምት ከግመል ኮቴ ለይቶ አያውቅም። በመስመሩ አጠገብ መንጋ ካለፈ፣ ልጆች ከሮጡ፣ በአስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና ከተጓዘ፣ ወይም ነፋሱ ቁጥቋጦውን ካወዛወዘ ሁሉም በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ለዚህም ሲባል በአንድ ቦታ ደጋግሞ ይመታል፤ የምቶቹ መዝገብ ሲደማመር እውነተኛው ይጎላል፣ የዘፈቀደው ይከስማል። ሥራው የሚመረጠውም ነፋስ ሳይነሣ፣ ሙቀቱም ሳይበረታ ማለዳ ነው። እረኛው መንጋውን ለአንድ ሰዓት ያህል በሌላ በኩል ቢያሰማራ፣ የቀበሌው ሽማግሌዎችም ሽቦው እንዳይነሣና ችካሉ እንዳይነቀል ለልጆች ቢነግሩ፣ 24ቱ ጂኦፎኖች ሥራቸውን ጨርሰው ፀሐይ ሳትከር ወደሚቀጥለው መስመር ይዛወራሉ።